የፓርላማ ላይብረሪ ውስጥ አሮጌ የሃይማኖት መጽሐፍ ምን ይሠራል? (እስከ 18ኛው መልስ የተባለው)

ሰላም ለሁላችሁ። የውይይቱ ክር በጣም ረዝሞ አዲስ የሚገባው ሰው ከየት ጀምሮ እንደሚያነብ ግራ ስለገባው፣ መነሻውን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ እስካሁን የተባለውን በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። የማንንም ጽሑፍ ኮፒ አላደረግኩም፣ ሐሳቤ ተጣሞብኛል የሚል ካለ ታች ይጻፍልኝ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ በኛ የሆነውን ዓ.ም. ብዬ ለይቼዋለሁ።

መነሻው

የኮንግረስ (የአሜሪካ ፓርላማ) ላይብረሪ ሲባል ቶሎ የሚመጣብን ዋሽንግተን ያለው ያ ትልቅ ሕንጻ ነው፣ በ1800 ሲጀመር ግን ለሕግ አውጪዎቹ ተብሎ የተገዛ መጽሐፍ ብቻ ነበር፣ የሚቀመጠውም እዛው ኮንግረሱ በሚሰበሰብበት ሕንጻ፣ ካፒቶል ውስጥ። በነሐሴ 1814 የእንግሊዝ ጦር ከተማዋ ገብቶ ካፒቶልን ሲያቃጥል ወደ 3,000 ጥራዝ አብሮ ነደደ። ያኔ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ሥልጣኑን ለቆ ሞንቲቼሎ ቤቱ ተቀምጧል፣ ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰበውን መጽሐፍ ልሽጥላችሁ ብሎ ጻፈላቸው። 6,487 ጥራዝ በ23,950 ዶላር። ሴኔቱ ብዙም አላስቸገረም፣ የተወካዮች ምክር ቤት ግን ተናወጠ። የማሳቹሴትሱ ሳይረስ ኪንግ እነዚህ መጽሐፎች ሃይማኖት የሚያጠፉ ናቸው፣ የፈረንሳይ ፈላስፎችን፣ የነቮልቴርን ዓይነት ነገር በመንግሥት ገንዘብ አንገዛም አለ፣ ጥቂት የማይባሉም ተከተሉት። ጥር 1815 ድምፅ ሲሰጥ 81 ለ71 ሆኖ በ10 ድምፅ ልዩነት አለፈ።

የኔ አቋም ከዚህ ነው የሚነሳው። ሕግ የሚያወጣ ሰው የሚቃወመውን መጽሐፍ እዛው ደጁ ላይ ማግኘት አለበት፣ የሃይማኖቱንም የፖለቲካውንም፣ ድሮ ተሽሮ የቀረውንም ሕግ ጭምር። የፓርላማ ላይብረሪ አሮጌውን ሁሉ ለሙዚየም ሰጥቶ አዳዲስ ሪፖርት ብቻ ይያዝ የሚሉ ሰዎች ስላጋጠሙኝ ነው የጻፍኩት፣ ምን ትላላችሁ ብዬ።

መልሶቹ

1ኛው መልስ የመጣው ቨርጂኒያ ከሚኖር ሰው ነው፣ በጣም ጨዋ ሰው፣ ልጆቹን ይዞ ሄዶ የጄፈርሰንን መጽሐፎች በዓይኑ ያየ። ያየውን ሲነግረን መደርደሪያው ክብ ነው፣ መሀሉ ላይ ቆመህ ዙሪያህን ታያለህ። አረንጓዴ ሪባን የወጣበት መጽሐፍ የጄፈርሰን የራሱ ቅጂ ነው፣ ወርቃማ ሪባን ያለበት ደግሞ የጠፋውን ለመተካት በኋላ የተገዛ ያንኑ እትም ነው፣ እስካሁን ያልተገኘው ቦታው ላይ ነጭ ሳጥን ተቀምጦለታል። ልጁ ነጩን ሳጥን እየቆጠረ እነዚህ የት ሄዱ ብሎ ጠየቀው አለ። የሄዱት በ1851 የገና ዋዜማ ነው። የጭስ ማውጫ ችግር ካፒቶል ውስጥ እሳት አስነስቶ ከ55,000 ጥራዝ 35,000 ያህሉ አለቀ፣ ከጄፈርሰን መጽሐፎችም ሁለት ሦስተኛው። እንግሊዞቹ ሆን ብለው ካቃጠሉት ይሄ ሳያስቡት የተነሳው እሳት የባሰ መሆኑ እስከዛሬ ይከነክነኛል።

2ኛው መልስ ስለ ዋጋው ነው፣ መጽሐፍ ነጋዴ ይመስለኛል፣ ባይልም አነጋገሩ ያስታውቃል። 23,950 ዶላር እንዲሁ በግምት የመጣ አይደለም፣ በመጠን ነው የተሰላው፣ ትልቁ መጽሐፍ 10 ዶላር፣ ቀጥሎ ያለው 6፣ መካከለኛው 3፣ የኪሱ 1 ዶላር። የጆርጅታውን መጽሐፍ ሻጭ ጆሴፍ ሚሊጋን ነው የተመነው። ይሄን ሳነብ ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር ሳይረስ ኪንግ የጮኸበት መጽሐፍና የጸሎት መጽሐፍ ቁመታቸው እኩል ከሆነ ዋጋቸውም እኩል መሆኑ ነው፣ ውስጡ ያለው ሐሳብ በሂሳቡ አልገባም።

3ኛው መልስ ጄፈርሰን በምላጭ ቆርጦ የሠራው መጽሐፍ ቅዱስም እዛው ኮንግረስ ላይብረሪ ነው ያለው አለ፣ ተአምራቱን አውጥቶ የኢየሱስን ትምህርት ብቻ የለጠፈበት። 4ኛው ወዲያው አረመው። እሱ ያለው ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ነው፣ ጄፈርሰን የጨረሰው በ1820 ማለትም ላይብረሪውን ከሸጠ ከ5 ዓመት በኋላ ስለሆነ በሽያጩ ውስጥ ሊኖር አይችልም፣ ስሚዝሶኒያን ከቤተሰቡ የገዛው በ1895 ነው። ይሄ አራሚ ትንሽ ቆጣ ብሎ ነው የጻፈው፣ ግን ልክ ነው። ጨምሮም በ1904 ኮንግረስ ራሱ ያንን መጽሐፍ አሳትሞ ለአባላቱ እንዳደለ ነገረን። አስቡት፣ በ1815 ግዢውን በ10 ድምፅ ልዩነት ብቻ ያሳለፈው ምክር ቤት በ1904 እሱኑ ሰውዬ የቆራረጠውን ወንጌል በራሱ ወጪ ያሳትማል።

5ኛው መልስ ላይ ነው ክሩ የሞቀው። ይቺ እህት ምንም አላለዘበችም። ጄፈርሰን በሕይወቱ ከ600 በላይ ሰው በባርነት የያዘ ሰው ነው፣ መጽሐፉን የሸጠውም ዕዳ አንቆት ነው፣ ከተከፈለው አብዛኛው በቀጥታ ለአበዳሪዎቹ ሄዷል፣ እና እናንተ እዚህ ቁጭ ብላችሁ የእውቀት አባት አስመስላችሁ ታወሩለታላችሁ፣ በተለይ መነሻ ጸሐፊው ይሄንን አንድ መስመር እንኳን አለማንሳትህ ያሳፍራል አለችኝ። ስለ ዕዳው የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው። አሳፋሪነቱ ላይ አልስማማም፣ ምክንያቱም ክሩ ስለ መጽሐፎቹ ነበር፣ ግን አንስታው ባታውቅ ኖሮ 6ኛው መልስ ባልመጣ ነበር፣ ስለዚህ አመሰግናታለሁ።

6ኛው ለኔ የክሩ ምርጥ መልስ ነው፣ ታሪክ የሚያስተምር ሰው ነው የጻፈው። እህቴ ትክክል ነሽ ብሎ ጀመረና፣ ባርነት በሕግ እንዴት እንደተገነባ የምናውቀው ግን ከነዚሁ አሮጌ የሕግ መጽሐፎች ነው አላት። ጄፈርሰን የቨርጂኒያን የቅኝ ግዛት ሕጎች፣ በእጅ የተጻፉ፣ ጠርዛቸው የተበላ፣ ሌላ ቅጂ የሌላቸው ሁሉ ሳይቀሩ ለዓመታት ሰብስቧል፣ ዊልያም ሄኒንግ የቨርጂኒያን ሕጎች በቅደም ተከተል ሲያሳትምም ከሱ ስብስብ ተጠቅሟል። ሄኒንግ ባሳተመው ውስጥ የ1662ቱ ሕግ አለ፣ የሚወለደው ልጅ ባሪያ ወይም ነፃ መሆኑ በእናቱ ይወሰናል የሚለው። በዚህ ሕግ ምክንያት ነጭ ጌታ ከባሪያው የወለደው ልጅ ባሪያው ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ዓይነቱን ሕግ ያረጀ ነው ብለን ብንጥለው ማን አወጣው፣ በስንት ዓመት፣ በምን ቃል የሚለውን ማን ያስረዳናል ነው ያለው። 5ኛዋ እህት ተመልሳ ለሱ ላይክ ሰጥታዋለች፣ ለኔ ግን አልሰጠችም።

7ኛው መልስ ስለ ቁርኣኑ ነው። ሙስሊም ወንድማችን ነው የጻፈው፣ በጥር 2007 ኪት ኤሊሰን፣ የመጀመሪያው ሙስሊም የኮንግረስ አባል፣ ቃለ መሐላ ሲፈጽም እጁን የጫነው የጄፈርሰን ቁርኣን ላይ መሆኑን አስታወሰን። ሁለት ጥራዝ ነው፣ የጆርጅ ሴል የእንግሊዝኛ ትርጉም፣ በ1764 ለንደን የታተመ፣ ጄፈርሰን ሕግ እያጠና ሳለ በ1765 ዊልያምስበርግ ውስጥ የገዛው። ሁለተኛው እሳትም አልደረሰበትም። ወንድማችን ያን ቀን ሥራ ቦታ ቴሌቪዥን ላይ እንዳየውና አብሮት የሚሠራ አንድ ክርስቲያን ሐበሻ እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ ሻይ እንደጋበዘው ጻፈ። ደስ የሚል ነው።

8ኛው ጠየቀ፣ ቁርኣኑ የት መደርደሪያ ላይ ነበር? እኔ ራሴ መለስኩለት፣ ያ 9ኛ ተብሎ ተቆጠረ። ጄፈርሰን መጽሐፎቹን ትውስታ፣ አእምሮ፣ ምናብ ብሎ በሦስት ከፍሎ ከዚያ በ44 ምዕራፍ ነው የደረደረው፣ ሦስቱን ክፍል የወሰደው ከእንግሊዛዊው ፈላስፋ ከፍራንሲስ ቤከን ነው። ሃይማኖት 17ኛው ምዕራፍ ነው፣ እና ከሕግ ጋር ነው የተመደበው። ቁርኣኑም ኦሪቱም ወንጌሉም ሰው የሚተዳደርበት ሥርዓት ተብለው የእንግሊዝ ሕግ ያለበት ወገን ገብተዋል ማለት ነው። ኮንግረስም መጽሐፎቹን ሲገዛ አደራደሩን አብሮ ወሰደ፣ ለአብዛኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚያው ሲሠራ ነበር።

10ኛው መልስ በዚህ ተነስቶ ወደኛ ቤት አመጣው። ድቁና የተቀበለ፣ አሁን የሕግ ባለሙያ የሆነ ሰው ነው። ሃይማኖትን ከሕግ ጋር ማስቀመጥ ለኛ አዲስ አይደለም፣ ፍትሐ ነገሥትን ተመልከቱ አለ። 51 አንቀጽ፣ እስከ 22ኛው ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ስለ ጳጳሳት፣ ስለ ጾም ስለ ጸሎት፣ ከ23ኛው ጀምሮ ደግሞ ስለ ውርስ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ዋስ፣ ስለ ንጉሥ፣ ስለ ቅጣት። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፃዊው ክርስቲያን ኢብን አል አሳል በዐረብኛ ያዘጋጀው፣ ወደ ግዕዝ የተመለሰ፣ ወንጀለኛ መቅጫው በ1923 ዓ.ም. ሲወጣም መሠረቱ ሆኖ የተጠቀሰ። እንግሊዝኛውን የተረጎሙት አባ ጳውሎስ ጻድዋ ናቸው፣ በኋላ ካርዲናል የሆኑት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ፋኩልቲ በ1968 ያሳተመው። ስለዚህ ይሄ መጽሐፍ የቤተ ክህነት ነው ወይስ የፓርላማ? መልሱ የሁለቱም ነው፣ ፓርላማችንም ዋናውን የግዕዝ ንባብ ከነትርጓሜው ሊይዝ ይገባል ነው ሐሳቡ።

11ኛው አልተዋጠለትም፣ እና ትንሽ ሹል አድርጎ ነው የመለሰ። ዲያቆን ይቅርታ አድርግልኝ ግን ሁለቱን አታቀላቅል፣ ጄፈርሰን ሃይማኖትን ሕግ አጠገብ ያስቀመጠው ለማጥናት ነው፣ በሕግ ግን የለያያቸው ራሱ ነው፣ የቨርጂኒያን የሃይማኖት ነፃነት ሕግ የጻፈ ሰው ነው፣ በ1786 የጸደቀውን፣ ማንም ቤተ ክርስቲያን እንዲሄድ ወይም ለቄስ እንዲከፍል አይገደድም የሚለውን። ፍትሐ ነገሥት ውስጥ ግን ሁለቱ አንድ ጥራዝ ላይ ተሰፍተዋል። እኔ 11ኛውን እደግፋለሁ እስከዚህ ድረስ። ነገር ግን ይሄ መጽሐፉን ከፓርላማ ላይብረሪ የሚያስወጣ ምክንያት አይሆንም፣ እንዲያውም የሚያስገባው እሱ ነው፣ ዛሬ ስለ ውርስና ስለ ጋብቻ ሕግ የሚያወጣ ተወካይ አባቶቹ በምን ሲዳኙ እንደኖሩ ገልጦ ይየው።

12ኛው አጭር ነው። ተወካዮቹ አያነቡትም፣ ወሬ ነው፣ የሚያነቡት ባለሙያ አሳጥሮ የሚሰጣቸውን ነው አለ። ይሄ በከፊል እውነት ነው፣ ከ1914 ጀምሮ ለኮንግረሱ ጥናት የሚሠራ ክፍል አለ፣ ዛሬ የኮንግረስ የጥናት አገልግሎት የሚባለው። ግን ያ ባለሙያስ ከየት አምጥቶ ነው የሚያሳጥረው? የድሮው ሕግ ከሌለ የሚያሳጥረው የለውም።

13ኛው መልስ ለዚህ ማስረጃ ሆነ ማለት ይቻላል፣ ጸሐፊዋ ለ12ኛው ብላ ባትጽፈውም። ሜሪላንድ የምትኖር እናት ናት። የቤተሰብ ቤት ጉዳይ ነበረባት፣ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ዓ.ም.፣ ማለትም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የተወረሰበት አዋጅ፣ ሙሉ ቃሉ አስፈለጋት። አገር ቤት አንድ መሥሪያ ቤት የሰጣት ፎቶ ኮፒ ጎኑ የተቆረጠ ነበር፣ የእንግሊዝኛው ወገን ግማሽ በግማሽ የለም። የኮንግረስ ላይብረሪ የሕግ ክፍል ሄዳ ነጋሪት ጋዜጣን በጥራዝ አገኘችው፣ አማርኛው በአንድ ዓምድ እንግሊዝኛው በሌላው፣ ወረቀቱ ቡናማ ሆኖ ጠርዙ ይፈረፈራል፣ ግን አንድም መስመር አልጎደለም። ሠራተኛዋ ጥራዙን በስፖንጅ መደገፊያ ላይ አስቀምጣ አከርካሪው እንዳይሰበር አሳየቻት። የሕግ ክፍሉ በ1832 ነው የተቋቋመው፣ መነሻውም ከጄፈርሰን የተገዙት የሕግ መጽሐፎች ያሉበት ስብስብ ነው። እማማ ይሄን ስላካፈሉን ዕድሜ ይስጥልን።

ከ14 እስከ 16 ክሩ መንገዱን ሳተ። 14ኛው፣ የአማርኛ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱን የምናውቀው ቶማስ ሊፐር ኬን የሰበሰባቸው የግዕዝ ብራናዎች እዛው ኮንግረስ ላይብረሪ እንዳሉ ጻፈ፣ ዳዊት፣ ድርሳን፣ ክታብ። 15ኛው በቁጣ እነዚህ ሁሉ የመቅደላ ዝርፊያ ናቸው ይመለሱ አለ፣ አንዳንድ የማይጻፍ ቃልም ጨምሮ። 16ኛው አበረደው። የመቅደላው በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር ከዐፄ ቴዎድሮስ ወስዶ ለንደን ያስገባው ነው፣ ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው ያለው፣ ወደ 350 ብራና፣ ከዋሽንግተኑ ጋር አታምታታው፣ ዐፄ ዮሐንስ በ1872 ጠይቀው አንድ ክብረ ነገሥት ተመልሶላቸዋል፣ ሌላው ቀርቷል አለ። የመቅደላው ይመለስ የሚለው ላይ እኔም አለሁበት። ስድቡን ግን አቁሙት ባካችሁ።

17ኛው ከርዕሱ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፣ ግን ብዙ ሰው የጠቀመ ይመስለኛል። ልጁ የአያቱ ዳዊት እጁ ላይ አለ፣ ብራና፣ ከነማኅደሩ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጦታል፣ ገበታው አንድ በኩል ተሰንጥቋል፣ በፕላስተር ልለጥፈው ወይ፣ ደግሞ ሲገለጥ ነጭ ጓንት ያስፈልጋል ወይ ብሎ ጠየቀ።

18ኛው ላይብረሪ የምትሠራ ልጅ ናት። ፕላስተር በፍጹም፣ ሙጫው ብራናውን ይዞ ይነሳል። ላስቲኩን አውጣው፣ እርጥበት ያፍናል፣ በንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለህ ወደ ማኅደሩ መልሰው፣ ፀሐይና ማሞቂያ አጠገብ አይሁን። ጓንትም አያስፈልግም፣ በጓንት ቅጠሉን አትሰማውም፣ ትቀደዋለህ፣ እጅህን ታጥበህ በደንብ አድርቀህ በባዶ እጅ ያዘው። የተሰነጠቀውን ገበታ ደጓሽ ወይም የብራና ጥገና ባለሙያ ሳያየው እንዳትነካው። ከዛ ወደ ርዕሱ መለሰችን፣ ጄፈርሰን መጽሐፎቹ ላይ ስሙን አልጻፈም፣ እንዴት ተለዩ መሰላችሁ ብላ። ድሮ ማተሚያ ቤቱ ወረቀቶቹ ሲጠረዙ እንዳይዛነፉ ከገጽ ግርጌ ፊደል ያትም ነበር፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ። ጄፈርሰን "አይ" የታተመባት ገጽ ላይ ከፊቷ "ቲ" በቀለም ይጨምራል፣ "ቲ" የታተመባት ላይ ደግሞ ከኋላዋ "አይ"፣ በድሮው አጻጻፍ "አይ" ለ"ጄ"ም ስለምታገለግል ቲ ጄ ሆነ ማለት ነው። አረንጓዴ ሪባን የሚያገኘው መጽሐፍ የሚታወቀው አንዱ በዚህ ነው።

አወያዩ የመቅደላውን ክርክር ለብቻው አዲስ ክር አድርጎታል፣ 15ኛና 16ኛ እዛ ቀጥሉ። እዚህ የምንቀጥለው 10ኛና 11ኛው ላይ ነው፣ ዲያቆን ገና አልመለሰም። እስከዛው መሄድ ለምትፈልጉ፣ የኮንግረስ ላይብረሪ የአንባቢ ካርድ 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሁሉ በነፃ ነው፣ ዜግነት አይጠየቅም፣ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይዛችሁ ሂዱ፣ ሜትሮው ካፒቶል ሳውዝ ነው። ብራናዎቹን የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ንባብ ክፍል፣ ነጋሪት ጋዜጣውን የሕግ ክፍል ጠይቁ።